ቅቤ ያልገባበት ወጥ

ቀኛዝማች ተስፋው ጠቀሱ፤ ጎረሱ፤ ሁለት ጊዜ አላመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጉርሻው በግድ ሲወርድ ከጉሮሯቸው ላይ ታየ።

«ይኸ ምንድን ነው?» አሉ።

«ዶሮ ወጥ ነው፣ አባባ» አለች ቻይነሽ።

«ዶሮዋ ምን ብትበድል ነው ሞታም እንዲህ የምትቀጣው?»

የትንሣኤ ዕለት ረፋድ ነበር። ዘመኑ 1978 ዓ.ም.፣ ቤቱ ቡሬ ከገበያው ዳገት ላይ የሚታየው አሮጌው ባለ በረንዳ የቆርቆሮ ቤት ነው። ሃምሳ አምስት ቀን የጾሙት ሽማግሌ መሶቡን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ቻይነሽ ሽንኩርት ስታቁላላ አርፍዳ የቀላ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ እንባው የሽንኩርት ይሁን የንዴት እሷም አልለየችውም።

ከጎናቸው የተቀመጡት እኅታቸው ወይዘሮ ሀብትነሽ ወደ ጣሪያው አንጋጠው፣ «ንግሥቴ ሆይ፣ እንኳን ይኸን ሳታይ ሞትሽ» አሉ።

ንግሥቴ የቀኛዝማች ቅድመ አያት ናቸው፤ የቤቱ ዶሮ ወጥ በስማቸው ይጠራል። በንግሥቴ ወጥ ውስጥ ቅቤ ሦስት ጊዜ ይገባል፤ ሽንኩርቱ ሲቁላላ አንድ፣ ብልቱ ሲጨመር ሁለት፣ ከእሳት ሊወርድ ሲል ሦስት። ከላይ የተንሳፈፈው ቅቤ የጣት ውፍረት ካልያዘ ለእንግዳ አይቀርብም። በዚህ ወጥ ደመኞች ታርቀዋል፣ ጋብቻ ተቋጥሯል እየተባለ በቤቱ ይወራል። በስድሳ ሰባቱ አዋጅ መሬቱ ለገበሬ ማኅበር ሲሄድ ማዕረጉም አብሮ ሄደ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ዛሬ «ጓድ ተስፋው» ብሎ ይጠራቸዋል፤ እሳቸውም እንዳልሰማ ሰው ያልፋሉ። ከዚያ ሁሉ የተረፈው ወጡ ነበር። እሱንም አሁን የገዛ ልጃቸው ልትወስድባቸው ነው።

ቻይነሽስ ወድዳ ነው? ጥቅምት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቀኝ እጃቸው ከዳቸውና ከመንገድ ወደቁ። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሲወሰዱ ሐኪሙ «ደም ግፊት ነው፤ ቅቤና ጨው እንዳይነኩ» አለ። እጃቸው ዳነ፤ ትእዛዙ ቀረ። በዚህ ቢያበቃ ባልከፋ። ትእዛዙን በየወሩ ግፊታቸውን እየለካ የሚደጋግምላቸው ጤና ረዳት ግን የሽዋስ ነው፤ የቀድሞ ጭሰኛቸው የገብረሰንበት ልጅ። አምና ቻይነሽን ለማግባት ሽማግሌ የላከው፣ ሽማግሌዎቹም ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ከበር የተመለሱበት የሽዋስ።

«ከወጤ ላይ የገፈፈውን ቅቤ በልጀ ራስ ላይ ሊያፈሰው አስቧል» ይላሉ ቀኛዝማች፣ የሙሽራ ጸጉር በቅቤ መለስለሱን እያነሱ። ነገር አዋቂ ናቸውና ሰሚው ይስቃል። ቻይነሽ አትስቅም።

ሦስት ዓመት ሆኗታል ከየሽዋስ ጋር። እሷ የቡሬ አንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ለመሠረተ ትምህርት ገጠር ወጥታ በወባ ስትወድቅ ራሷን ደግፎ ኪኒን የሰጣት እሱ ነበር። ዛሬ ደብዳቤው የሚደርሳት ከአባቷ መድኃኒት ጋር ተጠቅልሎ ነው። ደብዳቤውም ደብዳቤ ቢሆን! «ውዷ ቻይነሽ፣ ናፍቆትሽ አላስቀምጥ አላስቆም ብሎኛል» ብሎ ይጀምርና ሦስተኛው መስመር ላይ ጨው ይገባል። አራተኛው ላይ ቅቤ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ስለ አባቷ ደም ሥር ነው። በዓለም ላይ የፍቅር ደብዳቤዋን ለአባቷ ብታነብላቸው የማታፍር ሴት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

የትንሣኤውን ወጥ ለውሻው ሰጡት። ውሻው አሽትቶ ተወው። ቻይነሽ ይህን ከበረንዳው ላይ ቆማ አየች፤ በዚያች ሰዓት ከአባቷም፣ ከአክስቷም፣ ከየሽዋስም፣ ከውሻውም ጋር ተጣላች።

በሳምንቱ፣ የዳግም ትንሣኤ ዕለት፣ እንደገና ሞከረች። ሽንኩርቱን እጥፍ አደረገች፤ በኑግ ዘይት ጠብታ አቁላላች፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨመረች። ቀኛዝማች ፊታቸውን አጨማደው ጎረሱ። ከዚያ ቅንድባቸው ተነሣ። ደግመው ጎረሱ። እንቁላሉን ፈረከሱ። ፈረሰኛውን ጋጡ። ሲጨርሱ እጃቸውን ታጥበው «እንዲህ ከሆነስ ያ ልጅ እውነቱን ነው፤ ያለ ቅቤም ይቻላል ለካ» አሉ።

ያ ልጅ! «የጭሰኛዬ ልጅ» አላሉም። ቻይነሽ ጓዳ ገብታ በሩን ዘግታ እንደ ሕፃን ዘለለች። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ለየሽዋስ ጻፈች፤ «ያለ አንዲት ጠብታ ቅቤ ሠርቼ አባባ እንቁላሉን ሳያስተርፉ በሉ። ስምህንም በበጎ አነሡ። ልቤ እንዲህ የቀለለበት ቀን አላስታውስም። ያንተው፣ ቻይነሽ»። ያንን ፖስታ ስትዘጋ ምላሷ ላይ የቀረው የሙጫ ጣዕም እንኳ ጣፋጭ መሰላት።

ሦስት እሑድ እንዲሁ ሆነ። በወሩ መጨረሻ ቀኛዝማች ለልኬታቸው ከወይዘሮ ሀብትነሽ ጋር በአውቶብስ ፍኖተ ሰላም ደርሰው መጡ። አክስቷ የመድኃኒቱን ጥቅል ሰጧት። ደብዳቤው ከውስጡ ነበር።

«ቻይነሽ፣

የአባትሽን ግፊት ሦስት ጊዜ ለካሁ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ በገዛ ክንዴ ላይ ሞከርኩት። ደኅና ነው። ሁለት መቶ አሥር በመቶ ሃያ ነው ያላቸው፤ ከወደቁበት ቀን አይሻልም። ያለ ቅቤ ሠራሁ ያልሽኝ ደብዳቤ ሳነበው ደስ ስላለኝ ከኪሴ አልወጣም ነበር። ደስ እንዲለኝ ብለሽ ከሆነ የዋሸሽኝ፣ እኔን መዋሸት ትችያለሽ። የሰው ደም ሥር ግን አይዋሽም። እባክሽ አባትሽን አትግደያቸው።

የሽዋስ»

«ያንችው» የለም። ቻይነሽ ወረቀቱን ገልብጣ ከጀርባው ፈለገች። የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዴም ያልቀረች ቃል ናት። ዋሸሽኝ! አትግደያቸው! ሽንኩርት ስትከትፍ የቆረጠችውን ጣቷን አየች። ደብዳቤውን ለሁለት፣ ለአራት ቀደደችው፤ ከዚያ ደግሞ ቁርጥራጩን መሬት ላይ ተንበርክካ ለቀመችው፤ መልቀሟም ይበልጥ አናደዳት።

በሚቀጥለው እሑድ ወጡን ከጉልቻው ላይ ትታ «ጎረቤት ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣች። ከአጥሩ ሳታልፍ ተመለሰች። ወይዘሮ ሀብትነሽ ከምንቸቱ ላይ አጎንብሰው፣ ከነጠላቸው ሥር ያወጡትን የቅቤ ቅል ዘቅዝቀው፣ በጣታቸው እያንቆረቆሩ ነበር።

«እትዬ!»

ሴትዮዋ ዘወር አሉ። ቅሉን ለመደበቅ እንኳ አልሞከሩም።

«ስንት ጊዜ?»

«ከዳግም ትንሣኤ ጀምሮ፤ ቀምሰሽ ዘወር ባልሽ ቁጥር» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ።

«ሊሞቱ እኮ ነው! እትዬ፣ የገዛ ወንድምዎን...»

«አንች ወረቀት ላይ ቁጥር ታነቢያለሽ፤ እኔ ፊቱን ነው የማነበው!» አሉ። «መሬቱን ሲወስዱበት ዝም አለ። ማዕረጉን ሲገፉት ዝም አለ። የትንሣኤ ዕለት ያንን የታጠበ ነገር አቅርበሽለት ሲገፋው ፊቱን አይተሽዋል? እኔ አይቻለሁ። የተሸነፈ ሰው ፊት ነው። ወንድሜ ሲስቅ ማየት አማረኝ። እሱ ነው ኃጢአቴ።»

 ሰውን መቆጣት ፈልጎ መቆጣት ከማቃት የባሰ ምን አለ? ቻይነሽ ወጡን ከነምንቸቱ አንሥታ ወደ ውጭ ደፋችው፤ ቀዩ ቅቤ በድንጋዩ ላይ ሲወርድ እያየች ጥርሷን ነከሰች።

ማግስቱ የትምህርት ቤቱ ዕረፍት ነበር። የመጀመሪያውን አውቶብስ ይዛ ፍኖተ ሰላም ወረደች።

የሽዋስን ያገኘችው በሆስፒታሉ ግቢ ከዋንዛው ዛፍ ሥር፣ ነጭ ጋውኑን ትከሻው ላይ ጥሎ ቆሞ ነው። ሲያያት ፊቱ በራ፤ ወዲያው ጠፋ። ከስቷል። መክሳቱን ማየት አልፈለገችም፤ አየችው።

«'ያንችው' የምትለዋን ቃል ለማን አስቀመጥካት?» አለችው ሰላምታ ሳትሰጠው።

«ቻይነሽ...»

«ልጨርስ! እትዬ ሀብትነሽ ናቸው ቅቤውን የሚያፈሱበት። እኔ ከነጋ እስከ ቀትር እሳት እየሞቅሁ፣ እጄን እየቆረጥሁ፣ በአባቴ እየተሰደብሁ ላንተ ትእዛዝ ስቆም፣ አንተ ገዳይ አልከኝ። ሳትጠይቀኝ! አንድ ጊዜ እንኳ 'ምን ሆነሽ ነው?' ሳትል!»

የሽዋስ አንገቱን ደፋ። «ፈራሁ» አለ። «ቁጥሩን ሳየው አባትሽ እጄ ላይ ሊሞቱ ነው ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ከሞቱ እኔና አንች አለቀልን። የጭሰኛው ልጅ ቅቤ ከልክሎ ገደላቸው ይባላል። ንዴቴ ላንች አልነበረም፤ ካንች ሌላ የምናደድበት ሰው ስለሌለኝ ነው።»

«ይኸ ደግሞ ደስ ይበለኝ?»

«አይበልሽ።» ከጋውኑ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ይህንም ስሚና በአንዴ ተቆጭኝ። መተከል ተዛውሬያለሁ። ሰፈራው ጣቢያ። የዕርገት ዕለት ነው የምንጓዘው።»

ዋንዛው ላይ ወፎች ይንጫጫሉ። ቻይነሽ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ማኅተሙን ጭምር።

«ነይ፣ አብረን እንሂድ» አለ የሽዋስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መምህር እዚያም ይፈለጋል።»

«እንዴት አድርጌ? እኔ ቡሬን በለቀቅሁ በሳምንቱ እትዬ አባባን በቅቤ ይቀብሯቸዋል! ያለ ቅቤ የሚበሉት ወጥ መሥራት ባውቅ ኖሮ... አላውቅም! እኔ የምሠራው ውሻ አይበላውም። ውሻ አልበላውም፣ የሽዋስ!»

ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፤ አልቻለም። እሷም ሊያስቃት መጣና የበለጠ ተናደደች። ሳቁ ሲያልፍለት ግን ፊቱ ላይ ሌላ ነገር ቀረ።

«እኔ ቅቤ ያለው ዶሮ ወጥ የቀመስሁት ሃያ ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው» አለ። «የእናቴ ወጥ ቅቤ አያውቅም። ጨውም ብዙ አያውቅም። ግን ማንም ገፍቶት አያውቅም።»

ቻይነሽ አፍጥጣ አየችው። «ከጥቅምት ጀምሮ ይህን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ስምንት ወር ሙሉ ስለ ጨው ስትጽፍልኝ፣ 'እናቴ ዘንድ ሂጂ' የምትል አንዲት መስመር አጣህ?»

«አፈርሁ» አለ የሽዋስ። «የቀኛዝማችን ልጅ፣ የጭሰኛ ጎጆ ገብተሽ የድኻ ወጥ ተማሪ ማለት አፈርሁ።»

እጁን ልትይዘው ፈለገች፤ ልትመታውም ፈለገች። ሰው ስለሚያይ ሁለቱንም አላደረገችም። አውቶብሱ ውስጥ እስክትገባ ድረስ መዳፏ ይሞቃት ነበር።

የየሽዋስ እናት ያይኔአበባ ከቡሬ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ርቀው፣ ወንዙን ተሻግሮ ካለው መንደር ብቻቸውን ይኖራሉ። ባላቸው ገብረሰንበት ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። የአገው ምድር ልጅ ናቸው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት። ቻይነሽ በልጅነቷ በዓል በመጣ ቁጥር እንሥራ ቅቤ በጀርባቸው አዝለው ወደ አባቷ ግቢ ሲገቡ ታስታውሳቸዋለች። ያኔ «አንች» ነበር የምትላቸው። ዛሬ «እንደምን ዋሉ» ስትል ምላሷ ተሳሰረ።

ያይኔአበባ ለምን እንደመጣች ሰሙ። ከዚያ «ሽንኩርት መክተፍ ትችያለሽ?» አሉ።

«እችላለሁ።»

«እስቲ እንይ።»

አልቻለችም። እንደሳቸው አባባል የከተፈችው ለአጥር እንጅ ለወጥ አይሆንም። አስደገሟት። ሽንኩርቱ እንደ አሸዋ ከደቀቀ በኋላ ያለ ምንም ቅባት ደረቁን ምንቸት ውስጥ ገባ። እሳቱ ትንሽ። ሊያር ሲል ውኃ በጣት ይረጫል፤ ያማስላሉ፤ ደግሞ ሊያር ሲል ይረጫል። ያይኔአበባ በአገውኛ እየቆጠሩ ይረጩ ነበር። እኩሌታው ቀን አለፈ። ቻይነሽ ክንዷ ዛለ፤ ወገቧ ተቆረጠ፤ «አልበቃውም?» ባለች ቁጥር «አልበቃውም» ነው መልሱ። ለሦስት ቀን የተዘፈዘፈ አብሽ ገባበት፤ እንዲያያዝ። በጨው ፈንታ ሎሚና የደረቀ ጦስኝ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ወጡ ጥቁር ቀይ ሆኖ፣ ከዳር እስከ ዳር እያንጸባረቀ፣ በጭልፋው ላይ ቀስ ብሎ ይወርድ ጀመር።

ቻይነሽ በእንጀራ ጫፍ ቀመሰች። ደግማ ጠቀሰች።

«ይኸን ማን አስተማረዎት?» አለች በመጨረሻ።

«ማጣት» አሉ ያይኔአበባ። ክፋት አልነበረበትም። «የላሞቹ ቅቤ ለእናንተ ግቢ ነበር፤ ለእኛ አሬራው ይተርፋል። ጨውም ውድ ነበር። ልጆች ደግሞ በበዓል ዶሮ ይጠይቃሉ። ምን ታደርጊያለሽ?»

ቻይነሽ ጭልፋውን አስቀመጠች። በእንሥራ የሚገባውን ቅቤ አስታወሰች፤ ከየት እንደሚመጣ አንድም ቀን አለመጠየቋንም። ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ሴትዮዋ ቀደሟት፤ «ነይ በይ፣ ውኃ እርጭ፤ ሊያርብሽ ነው» አሏት። ውኃውን ረጨች። እንባዋም አብሮ ገባበት፤ ጨው የሌለበት ወጥ ነበርና አልተጎዳም።

ከዚያ በኋላ ቤቷ ውስጥ ለብቻዋ ሠራች። የወይዘሮ ሀብትነሽን ቅል ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች በከንቱ አለፉ፤ አንዱ አረረባት፣ አንዱ አብሹ በዝቶ መረረባት። ቀኛዝማች የመጀመሪያውን «ከሰል»፣ ሁለተኛውን «ኮሶ» ብለው ሰየሙት። ትንሽ ትንሽ ግን በሉ፤ ረሃብ ነውና።

ሰኔ ገባ። የዕርገት ዕለት ከሌሊት የጀመረው ዝናብ ረፋድ ላይ ሲያባራ፣ ወጡ ደረሰ። በዚያው ሰዓት የግቢው በር ተንኳኳ። የሽዋስ ነበር፤ ጫማው በጭቃ ተለውሶ፣ የግፊት መለኪያውን በብብቱ ይዞ። በቻግኒ አድርጎ መተከል የሚወስደው ካሚዮን ከገበያው መገንጠያ ላይ ጓደኞቹን ይዞ ቆሟል።

«ቀኛዝማች፣ ከመሄዴ በፊት ልለካዎት ብዬ ነው» አለ ከደጃፉ ላይ። ወደ ቻይነሽ አላየም። አለማየቱ ከማየት ይብስ ነበር።

ቀኛዝማች ክንዳቸውን ዘረጉለት። የሽዋስ ነፋ፣ አዳመጠ፣ አስተነፈሰ፤ ደግሞ ነፋ። «ወደ መቶ ስልሳ ወርዷል» አለ።  «ቀኛዝማች፣ እጅግ ወርዷል።»

«እንግዲያው ቁጭ በልና ብላ» አሉ ሽማግሌው በቁጣ። «በዓል ነው። ቅቤ የለውም፤ ጥፋቱ ያንተ ነው።»

መሶቡ ቀረበ። ቻይነሽ ወጡን በጭልፋ አወጣች። የሽዋስ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከአፉ አድርሶ ቀጥ አለ፤ ከዚያ ቀና ብሎ አያት። በዚያ እይታ ውስጥ የእናቱ ጎጆ፣ የልጅነቱ በዓል፣ የእሷም የተቆረጠ ጣት ነበረ። ግን ያንን እይታ ያስተዋለ ማንም የለም፤ ሁሉም የሚያየው ቀኛዝማችን ነበር። ቀኛዝማች መጉረስ አቁመዋል።

«ማን ነው ይኸን የሠራው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«አይደለሽም። ይኸን ወጥ አውቀዋለሁ።» መዳፋቸውን በጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «በስድሳ ሰባት፣ አዋጁ በታወጀ ሰሞን፣ ሰዎች ሲፈልጉኝ የሥጋ ዘመዶቼ በር ዘጉብኝ። ገብረሰንበት ነው ጎተራው ውስጥ ሦስት ቀን የደበቀኝ። ሚስቱ ያለቻትን አንዲት እናት ዶሮ አረደችልኝ። ምንቸቱን በጣቴ ጠረግሁት። ስወጣ ምን እንዳልኋት ታውቃላችሁ?» ማንንም አያዩም ነበር። «'ቅቤ ቢኖረው ጥሩ ነበር' አልኋት። ቅቤዋን ሁሉ እኔ ቤት አስገብታ የጨረሰችዋን ሴት! 'እሺ ጌታዬ' አለችኝ። ገብረሰንበት ሲሞት ለቀብሩ አልሄድሁም። እግሬ እምቢ አለኝ።»

ወይዘሮ ሀብትነሽ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ሽማግሌዎችህን የመለስሁ ንቄ አይደለም» አሉ ቀኛዝማች ወደ የሽዋስ ዞረው። «አፍሬ ነው። የዚያች ሴት ልጅ በየቀኑ ከፊቴ ሲመላለስ እንዴት ብዬ አየዋለሁ? ሽማግሌ አትላክ። እናትህን ላካት። የምናገረው ከሷ ጋር ነው።»

«እሺ፣ ቀኛዝማች። እልካለሁ። የመተከሉን ዓመት እንደጨረስሁ ደግሞ...»

«ዓመት ረጅም ነው፤ እስከ ጥር...»

«ጥር ካሉ በጥር...»

ጭልፋው ከመሶቡ ክዳን ላይ ጮኸ። ቻይነሽ ነበረች የጣለችው።

«አፈርሁ!» አለች። ድምፁ የሷ አልመሰላትም። «አንተም 'አፈርሁ' ትላለህ! እርስዎም 'አፈርሁ' ይላሉ! እትዬም ልባቸው ራርቶ! በእናንተ ኀፍረትና በእናንተ ርኅራኄ መሐል እኔ ሃያ አምስት ዓመት ሞላኝ! ሽንኩርት ስከትፍ ዓይኔ ሊጠፋ ነው! አባባ 'ጨው የለውም' ይላሉ፣ እሱ 'ቅቤ አለው' ይላል፣ እትዬ ከኋላዬ ያንቆረቁራሉ! ሁላችሁም ለእኔ አስባችሁ ዝም ትላላችሁ! አሁን ደግሞ እኔ እዚህ ቆሜ በጥር ነው በሚያዝያ ነው ትባባላላችሁ። እኔን የጠየቀኝ ሰው አለ? አንድ ሰው?»

 ከጣሪያው ጠርዝ የቀረው ዝናብ ይንጠባጠባል።  ቀኛዝማች ልጃቸው እንዲህ ስትጮህ ሰምተው አያውቁም፤ ቻይነሽ ብለው ስም ያወጡላት ራሳቸው ናቸው።

«ጠይቃት እንጅ፣ አንተ!» አሉ በመጨረሻ የሽዋስን።

የሽዋስ ተነሣ። በርበሬ የነካውን እጁን የት እንደሚያደርገው አጣ። በዚያው ቅጽበት ከገበያው በኩል የካሚዮኑ ጡሩምባ ረዘም ብሎ ተነፋ።

«ቻይነሽ» አለ፣ «እኔ እንግዲህ...»

ጡሩምባው ደገመ።

«እኔ እንግዲህ፣ ከሦስት ዓመት ጀምሮ... ማለቴ...»

«ስለ ጨው እንዳትነግረኝ ብቻ!»

«ታገቢኛለሽ?» አለ የሽዋስ። ያቺን አንዲት ቃል ለመናገር የግፊት መለኪያ የሚያስፈልገው ሰው ይመስል ነበር።

«ሦስት ዓመት ጠብቄህ፣ እጅህን እንኳ ሳትታጠብ፣ በመኪና ጡሩምባ ትጠይቀኛለህ!» እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «እሺ። እሺ አልሁህ። አሁን ሂድ፣ ጥሎህ ሳይሄድ! ስትደርስ ጻፍ። ስለ ሌላ ነገር ጻፍ!»

የሽዋስ ለቀኛዝማች እጅ ነሥቶ ወጣ። ከበሩ ላይ ዞሮ አያት፤ ከዚያ ጭቃውን እየረጨ ወደ መገንጠያው ሮጠ። ወይዘሮ ሀብትነሽ መሶቡን እየከደኑ በጉርምርምታ፣ «ያ አብሽ ስንት ቀን ነው የሚዘፈዘፈው አልሽ?» አሉ። ቻይነሽ ግን አልሰማቻቸውም። በረንዳው ላይ ወጥታ ቆማ ነበር። የካሚዮኑ ድምፅ ዳገቱን ሲወጣ፣ ሲርቅ፣ ሲሳሳ አዳመጠች። አሁንም ተናድዳለች፤ እስከ ጣቷ ጫፍ ተናድዳለች። ከንዴቱ ሥር ያለው ደስታ ግን እንዲህ ትልቅ መሆኑን ፈጽሞ አላወቀችም ነበርና፣ ዓምዱን ተደግፋ አለቀሰች።